በረዶ ያልነካው ደም

«ሳጥኑን ስጪኝ።»

ሰውየው እጁን የዘረጋው ዓይኑን ከመኪና ማቆሚያው በር ላይ ሳይነቅል ነው። የሚስጥር ስሙ «አጎቴ» ነው። ሳጥኑን የያዘችውን ሴት ነርስ አስመስሎ ክሊኒኩ ውስጥ የተከላት እሱ ነው። የእሷ የሚስጥር ስም «ንብ»። ለወላጆች ግን ሲስተር ናት፤ አስም ያለባቸውን ሕፃናት መርፌ የምትወጋ፣ ደማቸውን የምትቀዳ።

«የተከተለሽ አለ?»

«የለም።»

ሳጥኑ ውስጥ የጠዋቱ ደም አለ። አለርጂ ባለባቸው ልጆች ነጭ የደም ሕዋስ ላይ አለርጂ ቀስቃሹን የሚለዩ ተቀባዮች ተሰክተዋል። አቧራ ሲነካቸው እሪ ይላሉ፤ ያኔ የልጁ ደረት ይታፈናል። ክሊኒኩ በአዲስ መርፌ «ተቀባዮቹን ቀነስን» ብሎ አውጇል። ልጆቹ ግን እየባሰባቸው ነው። እውነቱ የሚወጣው ከክሊኒኩ ውጭ ያለች አንዲት ፕሮፌሰር ደሙን ስትመረምር ነው። ሕዋሶቹ ሳይሞቱ መድረስ አለባቸው።

አጎቴ የመኪናውን የኋላ ክዳን ከፈተ። ውስጡ የበረዶ ክምር ነው። ብልቃጦቹን እያወጣ በረዶው ውስጥ ይቀብራቸው ጀመር።

ንብ ክው አለች።

«አጎቴ! በረዶ ሕዋሶቹን ይገድላቸዋል ብዬዎት አልነበር?»

«ሙቀት እንዳያበላሸው ብዬ ነው።»

«ደጋግሜ ነግሬዎታለሁ እኮ!»

ሳቀላት። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው።

ሸጧታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የክሊኒኩ ሰው የሆንከው?» አንቱታው እዚያው ቀረ።

«ጥበቃዎቹ ማንነትሽን ሰምተዋል። ክሊኒኩ ከተመለስሽ አለቀልሽ። ከዚህ ጥፊ። አላየሁሽም እላለሁ፤ ይህችን ውለታ ቁጠሪልኝ።»

ንብ በዋናው መንገድ ሄደች። ጥግ እንደታጠፈች ግን በልብስ ማጠቢያው በር ተመልሳ ክሊኒኩ ገባች።

መርፌ መውጊያ ክፍሉ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። የልጅቷ ደረት ሲር ሲር ይላል።

ንብ በሩን ዘጋች። «እህቴ፣ ትንሽ ደም ልቅዳላት።»

«ጠዋት ቀድተሻት የለ እንዴ? ምን ደም ተርፏት ነው?»

ለውሸት ጊዜ አልነበረም።

«ነርስ አይደለሁም። ልጅሽን የሚያፍናት መርፌው ነው። ማስረጃው ደሟ ውስጥ ነው፤ የጠዋቱን አበላሽተውብኛል።»

እናትየው ድርቅ ብላ አየቻት።

«ያንን መርፌ የወጋሻት አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«እያወቅሽ?»

«ጠርጥሬ ነበር። እንቢ ብል ያባርሩኝ ነበር።»

እናትየው ፊቷ ላይ ተፋችባት። ንብ አልጠረገችውም። ከኮሪደሩ ማዶ የጥበቃዎች ጩኸት ተሰማ፤ በር በበር እየከፈቱ ነው።

እናትየው የልጇን እጅጌ ራሷ ሰበሰበች።

«ቅጂ። ከዚያ ዓይንሽን እንዳላየው።»

መርፌው ገባ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ ትንፋሽ አጥሯታል። ብልቃጧ ሞላች። ንብ ነጭ ጋዋኗን ጣለችና ብልቃጧን ልብሷ ውስጥ ሸሸገቻት።

በሩ ተንኳኳ።

እናትየው ቀድማ ከፈተችው። ልጇን አቅፋ ደፉ ላይ ቆመችና ጮኸች። «የሰው ያለህ! ልጄን ገደሏት! ድረሱልኝ!»

ከየክፍሉ ወላጆች ግልብጥ ብለው ወጡ። ኮሪደሩ ተጨናነቀ። ንብ አንገቷን ደፍታ ከሰዉ ጋር ተቀላቀለች። መውጫው ጋ ስትደርስ ዞር አለች። አንዱ ጥበቃ እናትየውን ከግድግዳው ጋር አጣብቋታል። ሌላው ልጅቷን ከእቅፏ ይነጥቃታል።

መመለስ አትችልም።

ወጣች።

ፕሮፌሰሯ ደሙን በሕይወት ተቀበለች። ተቀባዮቹ አልቀነሱም፤ በዝተዋል። መርፌው ታገደ፣ ክሊኒኩም ታሸገ። አጎቴ የውኃ ሽታ ሆነ። እናትየው ተለቀቀች፤ ልጅቷም ተርፋለች። መርማሪዎቹ ደሙን የቀዳው ማን እንደሆነ ሲጠይቋት፣ «አላውቃትም» አለች።

ያ ቃል ምሕረት ይሁን እርግማን፣ ንብ እስከ ዛሬ አልገባትም።

አሁን ሌላ ከተማ ውስጥ ሌላ ስም ይዛለች። አንድ ቀን ሰው የሞላው አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ የቆመች ሴት የሚያስል ሕፃን ታቅፋለች።

«እህቴ፣ እስክወርድ ትይዢልኛለሽ?»

ንብ ከወንበሯ ተነሳች።

«አንቺ ተቀመጪ» አለቻትና ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርዳ ሰው መሃል ገባች።