የወንድም ድርሻ

የወተት ፋብሪካው ማቀዝቀዣ ክፍል ጠዋት ሲከፈት፣ የክፍሉ ኃላፊ ከበሩ ሥር ኩርምት ብሎ ሞቶ ተገኘ። በሩን ሲቧጥጥ ጥፍሮቹ ተላልጠዋል። ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ የለም።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የብሎኖቹን ቀዳዳ አየች። ቀለሙ እንኳ አልተጫረም።

«በመፍቻ ነው የተፈታው» አለች። «ተረጋግቶ፣ አስቦበት።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ ኃላፊዋን ነበር።

«ትናንት ጠዋት መልቀቂያ አስገባ» አለች ኃላፊዋ ዓይኗን እየጠራረገች። «ሠራተኛው ከደመወዙ በየወሩ ይቆጥባል፤ ፋብሪካው ያንኑ ያህል ይጨምርለታል። አሥር ዓመት ሳይሞላው በፈቃዱ የለቀቀ ግን የራሱን ብቻ ይዞ ይወጣል። እሱ የቀረው አንድ ወር! ታገሥ ብዬ ለመንኩት። “የምታገሥበት ጊዜ የለኝም” አለኝ።»

«ሥራ ላይ እያለ ቢሞትስ?»

«ድሮ የፋብሪካው ድርሻ ይቀር ነበር። ደንቡ ገና አሁን ተሻሻለ፤ ሙሉው ለወራሾቹ ይሰጣል። ለሠራተኛው ግን ገና አልተነገረም። ትናንት ከሰዓት አንድ ወንድ ደውሎ ሲጠይቀኝ ነገርኩት፤ ስሙን ሳይነግረኝ ዘጋ።»

«ወራሾቹስ?»

«ሚስቱና ታናሽ ወንድሙ። እኩል።»

ሥራ አስኪያጁ ላብ አጥምቆታል።

«ድርሻውን ሊያስቀር ገደለው እያሉ ያሙኛል። ደንቡን ያሻሻልኩት እኮ እኔ ነኝ! ቢለቅ ድርሻው ለፋብሪካው ይቀር ነበር፤ መልቀቂያው ሳይጸድቅ ሲሞት ግን እንከፍላለን።»

ሚስትየው ለቀስተኛ መሃል ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

«አንድ ወር ሲቀረው! የፋብሪካውም ድርሻ ቀረ… ይቅር! እሱ ከሌለ ምን ያደርግልኛል!»

ከጎኗ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ ትከሻዋን አቀፈ። የፋብሪካው ወተት መኪና ሾፌር ነው፤ ጢም ካበቀለ በኋላም ሰው ሁሉ ማሙሽ ይለዋል።

«አይዞሽ እታለም። እሱስ አይቀርም፤ ለሞተ ሰው ሙሉውን ነው የሚሰጡት።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው።

«ለምን ነበር የሚለቀው?» አለች ወደ ሚስትየው ዞራ።

ሚስትየው ማሙሽን አየት አድርጋ አቀረቀረች። «እንዳልናገር አደራ አለብኝ።»

«ጥሎን ሊሄድ ነዋ!» አለ ማሙሽ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተሰበሰቡ።

«ገዳዩ ሟቹ ከመልቀቁ በፊት እንዲሞት ፈልጓል» ስትል ጀመረች መርማሪዋ። «በሞቱ ፋብሪካው ይከፍላል እንጂ አያተርፍም፤ ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ አይደሉም። የሚያተርፉት ወራሾቹ ናቸው፤ ያውም አዲሱን ደንብ ካወቁ። ሚስቱ ድርሻው የቀረ መስሏት ታለቅስ ነበር። አንተስ ማሙሽ? ማን ነገረህ?»

«ሲወራ… ሰምቼ…»

«ያልተነገረ ነገር አይወራም። የደወልከው አንተ ነህ። ሰው ገጭተህ ካሳ ተፈርዶብሃል፤ ካልከፈልክ እስር ቤት ነው። ወተት ስትጭን ክፍሉ ትገባለህ። እጀታውን ደግሞ ከመኪናህ መቀመጫ ሥር አግኝተነዋል።»



«ገንዘቡን ይዞ ሊጠፋ መስሎኝ ነው! እኔን ለእስር ጥሎ…» አለ ማሙሽ።

«የት ይጠፋል?» አለች ሚስትየው። «ቁጠባውን አውጥቶ ያንተን ካሳ ሊከፍል ነበር እኮ የሚለቀው! “ከሰማ አንገቱን ይደፋብኛል፤ ተከፍሎ እስኪያልቅ እንዳትነግሪው” ብሎ አስማለኝ።»

ቁጠባ ኃላፊዋ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ጋሼ…» አለ ማሙሽ ወንድሙን እየጠራ።

ፖሊሶቹ ብድግ ሲያደርጉት የጃኬቱ ዚፕ ተከፍቶ ነበር። ሚስትየው ይህን ልጅ እናቱ ስትሞት ተቀብላ፣ አጥባና አልብሳ ትምህርት ቤት የላከች ናት። ሳታስበው ልትዘጋለት እጇን ዘረጋች። ደረቱ ጋ ሳይደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ።