ቅቤ የጠጣ ብሎን

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሮማነወርቅ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ትሰማለች። ከዳዋ ወንዝ በኩል ይመጣና ወደ አጥራቸው ይቀርባል። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ወደ በሩ ትወጣለች። መንገዱ ላይ ከአቧራና ከሚመለሱ ከብቶች በቀር ምንም የለም።

ድምፁ የእጮኛዋ የኃይለመስቀል ሞተር ነው። የወባ መከላከያ ሠራተኛ ነበር፤ ሽማግሌ ልኮ፣ የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ሳለ ዳዋ ሞልቶ ወሰደው። ሞተሩን ግን ወንዙ መልሶ ተፋው። ይኸው ዓመት አለፈው፣ ነገሌ ከተማ፣ እነሮማነወርቅ ግቢ ጥግ ላይ ዝጎ ቆሟል።

አባቷ አቶ ገብረወልድ ቆርጠዋል። «ማክሰኞ የሻኪሶ መኪና ሲመጣ ለብረትነቱ ይጫናል። ቤቴ መቃብር አይደለም» ብለዋል።

ዳባሶን ያስጠራችው ለዚህ ነው። ከገበያው ጀርባ የጭነት መኪና የሚጠግን፣ ረጅም፣ ሲናገር የማይቸኩል ወጣት ነው።

«አካም፣ እህቴ? ናጋ?» አለና ሞተሩ ሥር ተንበረከከ። «ይሄን ለምን ፈለግሽው?»

«አንድ ጊዜ ብቻ እንዲነሳልኝ ነው። በየምሽቱ እሰማዋለሁ። እውነተኛውን በቀን ብሰማው፣ ያኛው ይተወኝ ይሆናል።»

ሌላ ሰው ቢሆን አማትቦ በሄደ ነበር። ዳባሶ የብሎን መፍቻውን አነሳ።

ውስጡ የገባውን የወንዝ አሸዋ ለማውጣት የሞተሩ ክዳን መከፈት ነበረበት። ክዳኑን የያዙት ብሎኖች ግን ንቅንቅ አላሉም። ናፍታ አጠጣቸው፣ በመዶሻ ቀስ እያለ አናታቸውን መታ መታ አደረገ፣ በእሳት አሞቃቸው። ከዚያ ዝገቱን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አሸተተ።

«ቅቤ ነው። ማነው የቀባው?»

ፊቷ ጋለ። «እኔ ነኝ። እዚህ አገር ሴቶቹ የወተት ዕቃቸውን ሲቀቡ አይቼ፣ እንዳይዝግ ብዬ።»

«ጨው አለበት?»

«ቅቤው እንዳይበላሽ ትንሽ ነስንሼበት ነበር።»

ዳባሶ ሳቁን ለመዋጥ ታገለ። «እህቴ፣ ጨው እኮ ብረት ይበላል። ወንዙ ይህን ያህል አልጎዳውም፤ የቆለፍሽው አንቺ ነሽ።»

እሷ አልሳቀችም። እሱም ነገሩ ገባውና እጁን በጨርቅ ጠርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። «ናፍታው እስኪገባ ጊዜ አለን» አለ። «ስለሱ አውሪኝ።»

አወራችው። ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን፣ በሩ ላይ ሲደርስ ሞተሩን እያስጓራ እንደሚጠራት፣ ሁሉንም ነገረችው። ዳባሶ እያዳመጠ እንደወደዳት አወቀ፤ በሟች መቅናት እንደጀመረም አወቀና አፈረ። ሞተሩ ሲነሳ የሰውየውን ትዝታ ይብሱን ቢቀሰቅስባትስ? ብሎኑ ባይፈታ ይሻለው ነበር፤ መኪናው መጥቶ ሞተሩን የሚወስድበት ማክሰኞም ሩቅ አልነበረም።

በማግስቱ ግን መጣ።

«ነይ፣ አንቺ ያዢው» ብሎ መፍቻውን ሰጣት። «መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ በይ። ከቸኮልሽ ይሰበራል።»

እጁን በእጇ ላይ ጫነ። ብሎኑ ሲጢጥ አለና ዞረ። እጁን ቶሎ አላነሳም፣ እሷም የሷን አልሳበችም። ሁለቱም ብሎኑን ያዩ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አሸዋው ተጠርጎ ከወጣ በኋላ፣ ሞተሩ ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ሮማነወርቅ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

«አይደለም» አለች። «የሱ እንዲህ አልነበረም።»

ዳባሶ ሞተሩ ላይ ወጥቶ የዳዋን መንገድ ይዞ ሄደ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድምፁ ከዳዋ በኩል መጣ። ሮማነወርቅ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«አባዬ፣ ይሰማዎታል?»

«ምነው፣ ጆሮ የለኝም እንዴ?» አሉ አቶ ገብረወልድ።

ሮጣ ወጣች። ሞተሩ ላይ አቧራ የለበሰ ሰው ነበረበት። ዳባሶ በሩ ላይ አቁሞ ሞተሩን አጠፋና ሁለቱም ወደ ዳዋ ጆሯቸውን ሰጡ።

«አሁንስ?» አለ ዳባሶ።

«ምንም የለም» አለች፤ እንባዋ ወረደ። ደስታ ብቻ አልነበረም። ኃይለመስቀል እንደማይመለስ ከልቧ ያመነችው ገና አሁን ነበር።

ዳባሶ ሊያባብላት አልሞከረም። ሞተሩን እየገፋ ሊያስገባላት ሲል እጀታውን ያዘችበት።

«አንተው ጋ ይቆይ» አለችው። «ነገም በዚህ መንገድ ና። ድምፁን ስሰማ ሰው እንዳለበት ልወቅ።»