የድመት ምላስ

«ጢን? ጭቃ?» አሉ ዐም ተውፊቅ፣ በዮሳቤጥ አባት መዳፍ ላይ ያለውን ግራጫ ነገር እያዩ። «ኡስታዝ ወንደሰን፣ እኔ መኪናዬን ያመጣኋት ከጭቃ እንድታወጣልኝ ነው። አንተ ልትለቀልቃት ነው እንዴ?»

ዮሳቤጥ ሳቋን ለመደበቅ ባልዲው ላይ አጎነበሰች።

«ይኸኛው ጭቃ ያጸዳል እንጂ አያቆሽሽም» አለ አባቷ በዐረብኛ። «መኪናዋ ብየዳ ቤት አጠገብ ነው የምታድረው። የብረቱ ብናኝ ቀለሙን ነክሶታል፤ በውሃ አይለቅም። ጭቃው ለቅሞ ያወጣዋል።»

«ከጁምዓ ሶላት መልስ እወስዳታለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብለው ሽማግሌው በጥርጣሬ እየተገላመጡ ሄዱ።

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከግቢው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ አባትና ልጅ ሥራቸውን ጀመሩ። አርብ ትምህርት ስለሌለ ዮሳቤጥ ከሚኖሩበት ከዴም ሰፈር አብራው ትመጣለች። እሷ የሳሙና ውሃ ትረጫለች፤ እሱ እንደ ሊጥ የሚለጠጠውን ጭቃ በእርጥቡ ቀለም ላይ ቀስ እያደረገ ያንሸራትታል። ጭቃው ሲጠቁር አጥፎ ንጹሑን ፊት ያወጣል፤ እንደገና ያንሸራትታል።

ጣሪያውን እንደጨረሱ ጭቃው ከእጁ አመለጠና መሬት ወደቀ። አባቷ አንስቶ አየው፤ ከዚያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረው።

«አባዬ! ግማሽ ብቻ እኮ ነው የቀረን። ከላይ ጠረግ ብናደርገውስ?»

«አሸዋ ይዟል። አሸዋ የያዘ ጭቃ ቀለሙን ይቧጭራል።»

«ዐም ተውፊቅ ግን አያዩትም።»

«እኔ ግን አውቀዋለሁ» አለና የቀረውን ቁራጭ ከቆርቆሮው አወጣ።

ዮሳቤጥ አባቷ እንዲህ ሲል ደስ ይላታል፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ለአባት አይነገርም። የሳሙናውን ውሃ ረጨች።

የመጨረሻው የሞተሩ ኮፈን ነበር። አባቷ በጨርቅ ካደረቀው በኋላ እጁን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትቶ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። ባዶ እጅ የማይሰማው ነገር በፌስታል ይሰማል። «ተማም፣ ጥሩ ነው» አለ፤ ዕቃውንም ሊሰበስብ ዞረ።

እሷም ለራሷ ያህል ፌስታሉን አጥልቃ ዳሰሰች። መሀሉ እንደ መስታወት ነበር። ወደ ግራው መብራት ስትጠጋ ግን አንድ ደቃቅ ነገር እጇን ያዝ ለቀቅ አደረጋት። መለስ ብላ ዳሰሰች። መዳፏን የሚያክል ቦታ ነው።

አባቷ አሁን እዚሁ ላይ አልነበር የዳሰሰው?

ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ ከእሳት የወረደ ሻይ፣ ብርጭቆውን በእጁ ሙሉ ጨብጦ ይጠጣ ነበር። «የኔ አባት እሳት አይፈራም» እያለች በሰፈሩ ልጆች ላይ ትኩራራ ነበር። አሁን ግን የስንት ዓመት ቤንዚንና ቲነር የነካቸውን ጣቶቹን አየች፤ ቅድም ያመለጠውንም ጭቃ አሰበች።

«ሰላም ዐለይኩም!» ዐም ተውፊቅ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከበሩ ገቡ።

«ይኸው፣ አለቀች» አለ አባቷ። «ከእኔ እጅ የወጣ መኪና ሐር ነው።»

ሽማግሌው ቁልፉን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ዮሳቤጥ ዝም ብትል መኪናዋ ትሄዳለች፤ ምናልባትም ማንም አያውቅም። እሷ ግን ታውቀዋለች። በዐረብኛ ብትናገር ደግሞ አባቷን በሰው ፊት ታዋርደዋለች። ዐም ተውፊቅ አማርኛ አይሰሙም። በአማርኛ መንገር አለባት። ግን ቃሉ ምን ነበር? ጭንቅላቷ ውስጥ የመጣላት «ኸሽን» ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዐረብኛ ነው። አባቷ እቤት ውስጥ በየቀኑ «አማርኛውን አሟልተሽ ተናገሪ» እያለ የሚቆጣት ወዶ አይደለም።

«አባዬ» አለች። «እዚህ ጋ፣ ኮፈኑ ላይ… ምን ይሉታል…»

«ምን?»

«የድመት ምላስ ነው።»

አባቷ ዞር ብሎ አያት። ቁልፉን ሳይሰጥ ተመልሶ እጁን ፌስታሉ ውስጥ ከተተና ያሳየችውን ቦታ ዳሰሰ። አንዴ፣ ሁለቴ። ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ እጁን አውጥቶ ጣቶቹን ለአፍታ ተመለከታቸው።

«ሻካራ» አላት ቀስ ብሎ። «ሻካራ ነው የሚባለው።»

«ሻካራ» አለች ተከትላው።

«ምንድን ነው የምትሉት?» አሉ ዐም ተውፊቅ።

አባቷ ወደ እሳቸው ዞረ። የሆነ ሰበብ የሚፈልግ መስሏት ነበር፤ መብራት፣ ውሃ፣ የሆነ ነገር።

«አላለቀችም» አለ በዐረብኛ። «ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ ዐም ተውፊቅ። እኔ ያልሰማሁትን ልጄ ሰማችው። ሩብ ሰዓት ይጠብቁኝ።»

ዮሳቤጥ ወደ ባልዲው አቀረቀረች። ጉንጯ ጋለ፤ እፍረት ግን አልነበረም።

ሽማግሌው የተገለበጠ ሳጥን ስበው ተቀመጡ። «ምን አለበት» አሉ። «የእኔም ጆሮ ከከዳኝ ሰንብቷል። አዛን ሲባል የልጅ ልጄ ናት የምትነግረኝ። ያላ፣ ሥሩ።»

እሷ ረጨች፤ እሱ አሸ። ቦታው ሲደርቅ አባቷ እንደ ልማዱ ፌስታሉን ሊያጠልቅ ነበር፤ አሰበና ለእሷ ሰጣት።

«እህ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሉ ዐም ተውፊቅ ከሳጥኑ እየተነሡ። «አንቺ ነሽ የምትፈርጂው። ተማም?»

ኮፈኑን ዳሰሰች፤ ሐር ነበር። «ተማም» ብትል ሁሉም ያበቃል። ግን በዚያ አልቆመችም። በሮቹን ዳሰሰች፤ ከዚያ በእግሯ ጣቶች ቆማ የጣሪያውን ጠርዝ። ሁለቱ ሰዎች እጇን በዓይናቸው ይከተላሉ። ከበሩ በላይ፣ ጥፍር የምታክል ቦታ ላይ፣ እጇ ያዝ አደረጋት።

አሁን ለዚህ ሁለት ቃል አላት፤ የአማርኛውን ዐም ተውፊቅ አያውቁትም።

እጇን ካለበት ሳታነሣ «ኸሽን» አለች፣ እሳቸውም እንዲሰሙ።

«ርጪ፣ ዮሲ» አላት አባቷ፣ ጭቃውን አጥፎ ንጹሑን ፊት እያወጣ።