ክብ ጭረት

ሳሌሃ ልጇን ዑመይርን ያገኘችው በገዛ ፎቶ ቤቱ ጓዳ፣ ሲሚንቶው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። የካሜራው ብረት እግር በደም ተለውሶ አጠገቡ ወድቋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር፤ 1999 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ።

ፖሊስ ሲጠይቃት የምታውቀውን ሁሉ ዘረገፈች። ታናሽየው ሙባሪክ ጠዋት በአባታቸው የእንሰት ማሳ ከወንድሙ ተጣልቶ «እገልሃለሁ» ማለቱንም አልደበቀች። ምነው ያኔ ምላሷ በተቆረጠ! ዑመይር አመሻሹ ላይ ሲቀበር ሙባሪክ እስር ቤት ነበር። ማሳ ላይ ብቻዬን ነበርኩ ቢልም ምስክር የለውም። አንዱን ልጅ አፈር አልብሳ፣ ሌላውን በገዛ አፏ ለሞት ሰጠችው። በማግስቱ ምግብ ብትወስድለት ሳይነካው መለሰው።

ኢንስፔክተር ዘርፈሽዋል ከወልቂጤ መጥታ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ጥያቄ ስትጀምር፣ ሳሌሃ ውጪ ቢሏትም አልወጣ ብላ ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ ጀማሉ ኮምፒውተሩን እየደባበሰ «ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም» አለ። «የተበላሸ ሲዲ እያዳንኩ ነበር። ሙባሪክ በጓሮ ሲገባ ድምፁን ሰምቻለሁ።»

«ሲዲም ይድናል እንዴ?»

ሙያው ሲነሳ ፊቱ ፈካ። «ፕሮግራም አለው። ከመሃል ወደ ጠርዝ እያነበበ ይፈትሻል። የማይነበብ ቦታ ሲደርስ ቆሞ ይጠይቃል፤ እለፍ ካላሉት ንቅንቅ አይልም።»

«ምን ዓይነት ጭረት ነው የሚገድለው?»

«ከመሃል ወደ ጠርዝ የተጫረ ብዙም አይጎዳውም። ዙሪያውን በክብ የተጫረ ግን አለቀለት። ይሄን ከባለሙያ በቀር ማንም አያውቅም።»

የሟች ሚስት ሩፋይዳ የሴቶችን ሰርግ በቪዲዮ ትቀርጻለች፤ ግድያው ሲፈጸም ሰው ቤት ለቅሶ ላይ፣ በሃያ ሴት መሃል ነበረች። «ያን ዕለት አንድ ሲዲ ገበያ ላይ አግኝቶ መጣ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ተናዶ ምሳውን እንኳ አልበላም። ምን እንዳለበት ብጠይቀው፣ ‹ካንቺ ካሜራ የወጣ ነው› ብሎኝ ሄደ።»

ኢንስፔክተሯ የተበላሹ ሲዲዎች የሚጣሉበትን ካርቶንና ኮምፒውተሩን አስጭና ሄደች። ሳሌሃ ያን ሌሊት «ያ ረቢ፣ እኔን ውሰደኝ» ስትል አነጋች።

ጠዋት ሁሉም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሙባሪክም በካቴና እንደታሰረ መጣ። እናቱን ቀና ብሎ አላያትም።

«ካርቶኑ ውስጥ ሰማንያ ሲዲ አለ» አለች ዘርፈሽዋል። «ሁሉም እንደነገሩ የተጫሩ ናቸው። አንዱ ብቻ ጠርዙን ተከትሎ በክብ ተጭሯል፤ ጭረቱ ያልደረሰበት መሃሉ ግን ይነበባል። ቢሰበር ዓይን ይስባል፤ ተጭሮ ከተጫሩት መሃል ቢጣል ግን ማን ያየዋል? ሙባሪክ ቆጮ ነጋዴ ነው፤ ሲዲ በየት በኩል እንደሚነበብ እንኳ አያውቅም።»

«መሃሉ ምን ተገኘበት?» አለች ሩፋይዳ።

«የሰርግ ዋዜማ የሂና ሌሊት። ሴቶቹ ብቻቸውን፣ ፀጉራቸውን ገልጠው ሲጨፍሩ፤ ለሙሽራዋ ብቻ ብለሽ የቀረጽሽው። አንድ ሰው በድብቅ አባዝቶ ለጎረምሳ ሲሸጥ ዑመይር ደረሰበት።»

ጀማሉ «እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም ብያለሁ!» ብሎ እየጮኸ ብድግ አለ።

«ፕሮግራምህ ሰዓት ይመዘግባል፣ ጀማሉ። ስምንት ከአምስት ላይ የማይነበብ ቦታ ደርሶ ቆመ። እለፍ የተባለው ስምንት ከሃያ ስምንት ላይ ነው። አንድ ቁልፍ ለመጫን ሃያ ሦስት ደቂቃ? ቆሞ ሲጠብቅህ የት ነበርክ?»

ጀማሉ የተነሳበት ወንበር ላይ ዝርፍጥ አለ። «ለሙሽራዋ አባት ልነግር ነው አለኝ... ለመንኩት፤ ወላሂ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት...»

ካቴናው ከሙባሪክ እጅ ወልቆ ወደ ጀማሉ እጅ ዞረ። ሳሌሃ ከተቀመጠችበት «አልሐምዱሊላህ» አለች። ልጇ ተረፈ! እጇን ዘርግታ «ልጄ» አለች።

ሙባሪክ ወደ ሩፋይዳ ዞረ። «ዑመይርን የት ቀበራችሁት?»

«ና፣ እኔ አሳይሃለሁ» ብላ ሳሌሃ ተንደርድራ ተነሳች።

«አንቺ እዚሁ ሁኚ» አላት። «ሩፋይዳ ታሳየኛለች።»