«ፍላሹ ነው» ያለ ዕለት

ምሥጋናው የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸው ማንም ሳያስገድደው ነው።

ላሊበላ፣ ከቅዳሜ ገበያ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቁ ተቀምጦ የስልክ ስክሪን እየቀየረ ነበር። አንዲት ልጅ ደጃፉ ላይ ቆመች። ቀና ብሎ አያት። ካያት በኋላ ወደ ስልኩ መመለስ አቃተውና በያዛት ካቻቢቴ የገዛ ጣቱን ወጋ።

«ደማህ እኮ!» አለች ደንግጣ።

«ኧረ ምንም አይደል! ምን ልታዘዝ?»

ልጅቷ አንድ ወረቀት ዘረጋችለት። የኮምፒውተር ዕቃ ዝርዝር ነው።

«ዕቃውን ከአዲስ አበባ የሚልክልኝ ዘመድ አለኝ። የሚገጥምልኝ ሰው ግን አጣሁ። አንተ ኮምፒውተር ገጥመህ ታውቃለህ?»

እዚህ ላይ «አላውቅም፤ ግን እሞክራለሁ» ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ግን ወጣት ወንድ ቆንጆ ፊት ቆሞ «አላውቅም» ማለት መቼ ይሆንለታል?

«ስንቱን!» አለ። «ከአሥር በላይ ገጥሜያለሁ።»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አንድም ገጥሞ አያውቅም። ኮምፒውተር ከፍቶ የሚያውቀው አቧራ ለማራገፍ ብቻ ነው።

ልጅቷ ውባንቺ ትባላለች። የዜማ መምህሩ የየኔታ አድማሴ ልጅ ናት። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አባቷን ብቻቸውን ትታ መሄድ ስላልፈለገች፣ ከወልድያ ተመርቃ ስትመለስ ቤቷ ሆና የሰርግ ካርድ፣ ደብዳቤና የተማሪ ጽሑፍ እየጻፈች ለመሥራት አስባለች። የኔታ መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር። በኋላ ግን «ፊልምና ዘፈን ቤቴ አይግባ እንጂ ሥሪ» ብለው ፈቀዱላት። እሷም ቃሏን ሰጠቻቸው።

ዕቃው በጋሸና በኩል በአውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ምሥጋናው ሥራ እየፈታ ስለ ኮምፒውተር አገጣጠም የሚያስተምሩ ቪዲዮዎችን ሲያይ ከረመ። በተባለው ቀን የየኔታ ሳሎን ወለል ላይ ካርቶኖቹን ከፈቱ። እሷ ብሎኖቹን በሰሃን ይዛ ትቀመጣለች፤ እሱ እያላበው ይገጥማል።

«ይሄ ፕላስቲክ አይላጥም እንዴ?» አለችው ስክሪኑን እያሳየችው።

«ተይው! አዲስነቱ ይቆይ።»

አይፈረድበትም። ያደገው እንዲህ ሲባል እየሰማ ነው። እናቱ እትዬ ገለቴ ሶፋቸውን ከገዙ አራት ዓመታቸው ነው፤ ፕላስቲኩ ግን ዛሬም አልተነሳም። እንግዳ በተነሳ ቁጥር ፕላስቲኩ እየተንኮሻኮሸ አብሮት ሊነሳ ይቃጣዋል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት እንኳ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚነካው። እዚያ ቤት አዲስ ዕቃ መላጥ ማለት በገዛ እጅ ማስረጀት ነው። ምሥጋናውም ያንን ሥርዓት ይዞ ነው የመጣው።

ሳይመሽ ኮምፒውተሩ በራ። ውባንቺ እንደ ሕፃን አጨበጨበች።

«በእግዚአብሔር! ሠራልን!» አለችው። ይቺን «ልን» የምትለዋን ነገር ሰምቶ ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ብቻውን ሲስቅ ሄደ።

በማግስቱ ስልኩ ጮኸ።

«ምሥጋናው... ቀጥ አለ። ማውሱም አይንቀሳቀስ፣ ሰዓቱም ቆሟል። የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ።»

ሮጦ ሄደ። አጥፍቶ ሲያበራው ሠራ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ቀጥ አለ። «የመብራቱ ኃይል እየወረደ ነው» አለና ማስተካከያ አመጣ። አልሆነም። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነ። ራሙን ነቅሎ ሰካ። ሌላ ራም አምጥቶ ሞከረ። አሁንም ያው ነው። አንድ ቀን ጓደኛዋ ጀውሀራ የሰጠቻትን ፍላሽ ጠርጥሮ ሰካና አንድ በአንድ አየው። ከጀውሀራ የመመረቂያ ጽሑፍ በቀር ምንም የለበትም። ጀውሀራ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ በርቀት የምትማር ልጅ ናት። ጽሑፏን በኮምፒውተር የምትጽፍላት ውባንቺ ነበረች።

እንዲህ እየተመላለሰ ሦስት ሳምንት አለፈ። ከሁሉ የከፋው ነገር ደግሞ ኮምፒውተሩ በተበላሸ ቁጥር በልቡ ደስ ይለው ነበር። እሷም አንድ ቀን ሻይ ስታቀብለው፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ፣

«ቢሠራም ባይሠራም... መምጣትህን ለምጄዋለሁ» አለችው።

ሻዩ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። ያን ቀን «እኔ እኮ ገጥሜ አላውቅም» ሊላት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ትንቀኛለች ብሎ ፈራ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ።

የኔታ ሁለት እንግዶች ይዘው ገቡ፤ የዕድሩ ዳኛ አቶ አራጋውና ቄስ ሰውአገኝ። የዕድሩን ደብዳቤ ሊያስጽፉ ነው። የኔታ በልጃቸው ሙያ ኮርተው ወንበር ስበው አስቀመጧቸው። ውባንቺ ጻፈች። ምሥጋናው አጠገቧ ቆሟል። ደብዳቤው ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው ስክሪኑ ቀጥ አለ።

«ምነው ቆመሳ?» አሉ አቶ አራጋው።

አጥፍተው አበሩት። ደብዳቤው የለም። እንደገና ጻፈች። እንደገና ቀጥ አለ። የኔታ ቀስ ብለው ወደ ምሥጋናው ዞሩ።

«ልጄ፣ ባለሙያው አንተ ነህ። ምን ሆነብን ይሄ ነገር?»

ሦስት ትልልቅ ሰዎች ያዩታል። ጆሮው እሳት ሆነ። ምላሱ ዛሬም ቀደመው።

«ፍላሹ ነው» አለ። «ፊልምና ዘፈን የያዘ ፍላሽ ሲሰካ ቫይረስ ይገባል፣ የኔታ። እኔማ በደንብ ነበር የገጠምኩት።»

ቄስ ሰውአገኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ውባንቺ ቀና ብላ አየችው። ቁጣ አልነበረም፤ የሰማችውን ማመን አቅቷት ነው።

«ፊልም?» አሉ የኔታ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ቃል ሰጥተሽኝ አልነበረም ወይ?»

«አባባ፣ እኔ ምንም...»

«ይብቃ። ያቺ ጓደኛሽም ፍላሿን ይዛ እዚህ ቤት እንዳትደርስ።»

ምሥጋናው «በሱቄ ላጽዳው» ብሎ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወጣ። ውባንቺ ደጅ ድረስ ተከተለችው።

«ፍላሹን ከፍተህ አይተኸዋል» አለችው በሹክሹክታ። «አንተ ራስህ አይተኸዋል እኮ!»

ቁልቁል እያየ ሄደ።

ሱቁ ገብቶ ሳጥኑን ከፈተ። የቀረው ያልነካው ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፤ የኮምፒውተሩ አእምሮ በሆነው ፕሮሰሰር ላይ የተቀመጠው ማቀዝቀዣ። ብሎኖቹን ፈታና አነሳው። የማቀዝቀዣው ብረት ፕሮሰሰሩን ነክቶ ሙቀቱን መሳብ ነበረበት፤ ካልሳበ ኮምፒውተሩ ግሎ ቀጥ ይላል። በመካከላቸው ግን አንድ የጠራ ፕላስቲክ ተለጥፏል። ዳሩ ላይ በቀይ፣ በእንግሊዝኛ «ከመግጠምዎ በፊት ይላጡ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ያንን ፕላስቲክ ሲገጥም አይቶታል። ጽሑፉን ግን አላነበበውም፤ አዲስነቱ ይቆይ ብሎ እንደ ሌላው ተወው።

ላጠው። ኮምፒውተሩ ከጠዋት እስከ ማታ አንዴም ሳይቆም ሠራ። ምሥጋናው መጀመሪያ ከደስታ ብዛት ጠረጴዛውን መታ። ቀጥሎ ቁጭ አለ። ከዚያም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

መሄድና መናገር ነበረበት። ሄደም። ግን የኔታ በር ላይ ሲቀበሉት፣

«ቫይረሱ ጠፋ» አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ! ልጄን ከጥፋት መለስክልኝ» ብለው መረቁት። ምርቃት እንደዚያ ቀን ከብዶት አያውቅም። ኮምፒውተሩ የሚቀመጠው ከእንግዲህ የኔታ ፊት ነው፤ ልጃቸው የምትሠራውም እሳቸው ሲኖሩ ብቻ ነው። ውባንቺ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አመሰግናለሁ፤ ደከሙልን» አለችው። አንቱ ብላው ተመልሳ ገባች። በጥፊ ብትመታው ይሻለው ነበር።

ሁለት ሳምንት ምግብ አልበላ አለው። መንገድ ላይ ጀውሀራን ሲያይ ሱቅ ውስጥ ይደበቃል። የኔታ ቤት በር ሲደርስ ይመለሳል። ደውሎ ለብቻዋ ሊነግራት ይችል ነበር፤ ግን ያሰደባት ለብቻዋ አልነበረም። የተናገረው በሰው ፊት ነው፤ የሚያነሳውም በሰው ፊት መሆን አለበት። ይህ ሲገባው የባሰ ፈራ።

ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት የሚካኤል ጽዋ የኔታ ቤት ነበር። አቶ አራጋውም ቄስ ሰውአገኝም አሉ። ምሥጋናው ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባና መሀል ቤት ቆመ።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልናገር ይፍቀዱልኝ።»

«ተናገር፣ ልጄ።»

«ያን ቀን “ፍላሹ ነው” ያልኩት... ውሸቴን ነው። ፍላሹን ከፍቼ አይቼው ነበር። የጀውሀራ የትምህርት ጽሑፍ ብቻ ነው ያለበት። ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መላጥ ያለበትን ፕላስቲክ ሳልልጥ ገጠምኩት። ሲገባኝም ደብቄ ላጥኩትና ውባንቺን በሐሜት ትቼ ዝም አልኩ። የእርስዎንም ምርቃት ተቀበልኩ። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ገጥሜም አላውቅም ነበር።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ጓዳው ዞሩ።

«ውባንቺ!»

«አቤት፣ አባባ።»

ከጓዳ ወጣች። የኔታ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሽማግሌ አባት ለልጁ ሲነሳ ያየ ሰው የለምና ሁሉም አብሮ ሊነሳ ዳዳው።

«በሰው ፊት ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ» አሏት። «በሰው ፊት ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ኧረ አባባ! ምን ነካዎት!» ጉልበታቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። ምሥጋናው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው አይጠላም ነበር። በእሱ ጥፋት ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው ሆኑ!

የኔታ ወደ እሱ ዞሩ።

«መናገርህ ደግ ነው። አሁን ግን ሂድ። ዛሬ ፊትህን ማየት ከብዶኛል።»

ጫማውን በትክክል ሳያጠልቅ ወጣ። አጥሩ ጋ ስትጠራው ቆመ፤ ዞሮ ሊያያት ግን አልደፈረም።

«ኮምፒውተሩን ማበላሸትህ ምንም አልነበረም» አለችው። «ብትነግረኝ አብረን እንስቅበት ነበር። ለምን?»

«እንዳትንቂኝ ፈርቼ...»

«ታዲያ በአንተ ፈንታ እኔ ልናቅ?»

ይህን ብላ በሩን ዘጋች።

ሦስት ወር አልተገናኙም። ምሥጋናው ሱቁ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የማያውቀውን «አላውቅም» ማለት ጀመረ። ደንበኛ ይሸሻል ብሎ ነበር፤ ጥቂቶቹ ሸሹ፣ ብዙዎቹ ቆዩ። አንድ ቀን ጀውሀራ ራሷ መጣች። ሊደበቅበት የሚችል ቦታ አጣ።

«ወላሂ አስለቅሰኸኛል» አለችው። «እንደ እናቴ ቤት የምገባበትን ቤት አስዘጋኸኝ።»

«አውፍ በይኝ፣ ጀውሀራ፤ ይቅር በይኝ። ሮጬ መምጣት ነበረብኝ፤ አፍሬ ቀረሁ።»

ከደጃፉ ወደ ውስጥ ገባች።

«አውፍ ብዬሃለሁ። የኔታም ሰው ልከው አስጠርተውኛል፤ ጽሑፌም አልቋል። ለውባንቺ ግን በኔ በኩል መልእክት እንዳትልክ። ከምርህ ከሆነ ሽማግሌ ላክ!»

ለአንድ ሳምንት ሲያስብ ሰነበተና አቶ አራጋው ዘንድ ሄደ።

«እኔን?» አሉ እየሳቁ። «ያን ሁሉ ጉድህን ያየሁትን?»

«ስላዩት ነው፣ ጋሼ። ሄደው ደግነቴን አያውሩልኝ። አስቀድመው ነውሬን ይናገሩ።»

«በሽምግልና ዘመኔ እንዲህ ብሎ የላከኝ የለም» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን ሄዱ።

ሽማግሌዎቹ በሄዱበት እሑድ ምሥጋናው ሱቁን ከፍቶ ምንም ሳይሠራ ዋለ። ከቀትር በኋላ ደጃፉ ላይ ጥላ አረፈ። አቶ አራጋው መስለውት ነበር። ውባንቺ ናት።

«ሽማግሌዎችህ ጉድህን ዘርግፈው ሄዱ» አለችው።

«የኔታ... ምን አሉ?»

«“ሌላው ሽማግሌ የልጁን ሙያ ይዞ ይመጣል፣ እናንተ ነውሩን ይዛችሁ መጣችሁ?” አሉ። ከዚያ ሳቁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።»

«ከዚያስ?»

«እኔን ጠሩኝ። “ይህን ነውር ከነባለቤቱ ትቀበያለሽ ወይ?” ብለው ጠየቁኝ።»

ምሥጋናው ከመቀመጫው ተነሳ።

«አንቺስ... ምን አልሽ?»

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከንፈሯ ግን ፈገግ ሊል ይታገላል።

«“ነውሩን አውቀዋለሁ። የማላውቀው ቀሪውን ነው፤ እሱን ለማወቅ ዕድሜ ይስጠኝ” አልኳቸው።»

ምሥጋናው እንባው መጣ። እንደለመደው ቁልቁል መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ውባንቺ ወደ ሱቁ ገባች፤ በሁለት ጣቷ አገጩን ያዘችው።

«ቀና በል እንጂ!» አለችው። «ባሌ ልትሆን ነው እኮ።»

ቀና አለ።