ቄጠማ የተጎዘጎዘላት መኪና

ትርሲት ከአባቷ ቀድማ ከእንቅልፏ ተነሣች። ዛሬ ከኮረብታው ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ እናቷንና ትናንት የተወለደውን ወንድሟን ያመጣሉ።

«ፀሐይ ሳትበረታ ቤት መግባት አለባቸው» አሉ አባቷ አቶ ደምሰው። «አራስና ጨቅላ በጠራራ ፀሐይ አይወጡም።»

ለቤቱ ወለል የተገዛ እርጥብ ቄጠማ በደጃፉ ነበር። ትርሲት አየችውና አሰበች። እንግዳ ሲመጣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ወንድሟም እንግዳ ነው።

በሁለት እጇ አቅፋ ወደ አሮጌዋ ሰማያዊ መኪና ወሰደችው። ከኋላ ጎዘጎዘች፤ ከፊት ጎዘጎዘች፤ አባቷ እግራቸውን በሚያሳርፉበት ደግሞ አብዝታ ጎዘጎዘች።

አቶ ደምሰው በሩን ሲከፍቱ ፈገግ አሉ። «መኪናችን ሳሎን ሆነች» ብለው ገቡ።

መንገዱ ጎርበጥባጣ ነበር። መኪናዋ ወዲያና ወዲህ እየተንገጫገጨች ከዳገቱ ሥር ደረሰች።

አቶ ደምሰው ማርሽ ሊቀይሩ ሞከሩ። ሞተሩ «ውውውም!» ብሎ ጮኸ፤ ማርሹ «ክርርር!» ብሎ እምቢ አለ።

እንደገና ሞከሩ። ሞተሩ «ውውውም!» ብሎ ጮኸ፤ ማርሹ «ክርርር!» ብሎ እምቢ አለ።

እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሡ። ሞተሩ ግን ጩኸቱን አልተወም። ስለዚህ ቁልፉን አዙረው አጠፉት።

ፀሐይዋ ከኮረብታው በላይ ብቅ አለች። ትርሲት እናቷ በር በሩን እያየች እንደምትጠብቅ አሰበች።

በዳገቱ ሥር የጋሽ ይማም ጋራዥ አለ። ጋሽ ይማም ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ሲሠሩ አይቸኩሉም።

አቶ ደምሰው ሲጠሯቸው መጥተው ኮፈኑን ከፈቱ፤ ዘይቱን አዩ። «ዘይቱ ሙሉ ነው» አሉ።

ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካኩ። «ሽቦው ደኅና ነው» አሉ።

ከዚያም ቀና ብለው ጠየቁ። «ደምሰው፣ ትናንት እንዴት ነበረች?»

«እንደ ቅቤ ነበር የምትሄደው፣ ጋሽ ይማም።»

«ታዲያ ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ?»

«ምንም» አሉ አቶ ደምሰው።

ትርሲት ወደ ጫማዋ አየች። የተለወጠውን ታውቃለች። ብትናገር ቄጠማዋ ይጣላል፤ ባትናገር ግን እናቷ ስትጠብቅ ትውላለች።

«ቄጠማው ተለውጧል» አለች በቀስታ። «ትናንት አልነበረም። የጎዘጎዝኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ይማም በሩን ከፍተው ጎንበስ አሉ። ከመርገጫዎቹ ሥር አንድ እፍኝ ቄጠማ አወጡ፤ ደግመው ሌላ እፍኝ፤ ደግመው ሌላ።

«እናንተ ሰዎች፣ ይህቺን በሬ መሰለቻችሁ?» አሉ። «መኪና ነዳጅ እንጂ ሳር አትበላም።»

ከዚያ በጣታቸው እያመለከቱ አስረዱ። «ይህ ፍሪሲዮን ይባላል፤ ማርሽ ለመቀየር እስከ ታች መረገጥ አለበት። መንገዱ ሲያንገጫግጫችሁ ሳሩ ከሥሩ ገብቶ ከለከለው። ያ ደግሞ ነዳጅ መስጫው ነው፤ ሳሩ ስለያዘው ወደ ላይ አልመለስ አለ።»

ትርሲት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እውነቱን የተናገረ ልጅ አያለቅስም» አሉ ጋሽ ይማም። «ደግሞስ እንግዳ የሚቀመጠው ከኋላ አይደለምን? የኋላው ቄጠማ ይቆይ።»

አቶ ደምሰው ሞተሩን አስነሡ። ሞተሩ «እምምም» አለ። ማርሹ «ጠቅ» ብሎ ገባ፤ መኪናዋም ዳገቱን ወጣች።

እናቷ ከጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር። ሕፃኑን ታቅፋ ከመኪናዋ ኋላ ገባችና እግሯን በለስላሳው ቄጠማ ላይ አሳረፈች። «ይህን ያሰበ ማን ነው?» አለች።

«ልጅሽ ናት» አሉ አቶ ደምሰው። «ግማሹን ለእኔም አስባ ነበር።»

ፀሐይ ሳትበረታ ቤት ገቡ። እናቷ ገንፎዋን ስትበላ አባቷ ሕፃኑን ለትርሲት አስታቀፏት።

ሕፃኑ አንድ ጊዜ አዛጋና ተኛ። ትንሽ ቆይቶ የትርሲት እግር ደነዘዘ፤ ወንድሟ እንዳይነቃ ግን አልተንቀሳቀሰችም።