የናጃት ሰዓት

የናጃት ፈረስ ቼዝ ሰሌዳው መሀል ገብቶ ጉብ ሲል፣ ልድያ በዚህ አያያዟ እንደምትሸነፍ ገባት።

የሪያድ ሐበሾች የቼዝ ክበብ አንደኛ ተጫዋች ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ነበረች። ናጃት ከመንሱራ ሰፈር መጥታ ክበቡን ከተቀላቀለች ገና አራት ወሯ ነው፤ ዛሬ ካሸነፈች ግን ጅዳ ለውድድር የምትሄደው እሷ ናት። ልድያን ይበልጥ ያንገበገባት አባቷ ነው። ልጁ ስታሸንፍ «ጎበዝ» ብሎ ወደ ስልኩ የሚመለስ ሰው፣ ሰሞኑን እራት ላይ የናጃትን ጨዋታ በጨው ዕቃና በሹካ እያሳየ መተንተን ጀምሯል። ልድያ አንጀቷ እስኪያር ቀናች።

ወታደሯን ገፍታ፣ የሁለቱንም ደቂቃ በየተራ የሚቆጥረውን የጨዋታ ሰዓት ተጫነች። የናጃት ሰዓት መቁጠር ሲጀምር የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። በክበቡ ደንብ አዛን ሲል ጨዋታ ይቆማል፤ ሰዓቱን የሚያቆመው ተራው የደረሰው ተጫዋች ነው። ናጃት ብድግ አለች።

«መጣሁ፤ ምንም እንዳትነኪብኝ፣ እሺ?» አለች እየሳቀች። ዳኛው ጋሽ ኢብራሂምም ለሶላት ወጡ።

ናጃት ሰዓቱን ግን አላቆመችውም። ዐሥራ አራት ደቂቃ ቀርቷት ነበር፤ ዐሥራ ሦስት ሆነ፣ ዐሥራ ሁለት። ልድያ «አትንኪ ብላኛለች» አለች ለራሷ። ደግሞስ የማን ጥፋት ነው? ስምንት ሲል ደስ አላት። ደስ ማለቷ አስደነገጣት፤ እጇን ግን አላነሳችም። ኮቴ ስትሰማ ነው፣ አምስት ላይ፣ ቶሎ ብላ ያቆመችው።

ናጃት ተቀምጣ ሰዓቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄን ያህል ሳስብ ነበር እንዴ? ኸላስ፣ በቃ፣ የራሴ ጥፋት ነው» አለች። ልድያን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረችም። ሰዓቱን አስነስታ ተጣድፋ ተጫወተች፤ በጥድፊያዋም ንግሥቷን ለልድያ አጋልጣ አስቀመጠቻት።

የልድያ አባት መጥቶ ከኋላዋ ቆሟል። ንግሥቲቱን መብላት ብቻ ነበር የቀራት። ጅዳ የእሷ ነው፤ የዛሬ እራት ወሬም የእሷ ነው። እጇን ዘረጋች። ከዚያ ሰዓቱን አቆመችና ከሶላት የተመለሱትን ዳኛ ጠራች።

«ጋሽ ኢብራሂም፣ ሶላት ላይ እያለች ሰዓቷ ሲቆጥር ነበር። እያየሁ ዝም አልኩ። ዘጠኝ ደቂቃዋ ይመለስላት፤ አሁን በጥድፊያ የተጫወተችውንም ትመልሰው።»

ጋሽ ኢብራሂም የናጃትን ሰዓት ወደ ዐሥራ አራት መለሱት። የልድያ አባት ከኋላ «ምንድን ነው ነገሩ?» አለ።

ልድያ ወደ እሱ አልዞረችም። ቅናቷ እዚያው ሆዷ ውስጥ ነበር። የናጃትን ንግሥት አንስታ ወደ ነበረችበት መለሰቻት፣ ወንበሯንም ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።